የሂስታሚን ቫይታሚኖች፦ ከመዋጣችን በፊት ጠርሙሱን እናንብበው

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካለ ካፌ ነው የተገናኘነው። ታናሽ እህቴ ማኪያቶዋን ገፋ አደረገችና ጥቁር ፌስታል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከውስጡ አምስት ጠርሙስ አወጣች። አንዱን የአክስታችን ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ በሻንጣ ይዛላት መጥታለች። ሁለቱን ከቴሌግራም አዝዛ በሞተር አድርሰውላታል። የቀሩትን ሁለቱን ቸርችል ጎዳና ላይ ካለ መድኃኒት ቤት ገዝታቸዋለች።

"ሂስታሚን ነው ያለብኝ" አለችኝ። "እነዚህን ከጀመርኩ ሰባት ወሬ ነው።"

ምልክቶቿን አውቃቸዋለሁ። በልታ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፊቷ በርበሬ ይመስላል። አንገቷ ላይ ሽፍታ ይወጣና ያሳክካታል። አፍንጫዋ ይዘጋል። ራሷን ይወቅራታል፣ ሆዷ ይነፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ "ጨጓራ ነው" ሲሏት ኖረች። ቀጥሎ "ሳይነስ ነው" አሏት። በመጨረሻ ቲክቶክ ላይ አንዲት ልጅ ሕመሟን ስትዘረዝር ሰማች። ቃል በቃል የእሷው ነው። ሌሊቱን ቪዲዮ ስታይ አደረች። በሳምንቱ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ገዛች።

አልፈረድኩባትም። ስም ያጣ ሕመም ሰውን ምን ያህል እንደሚያደክም በቤታችን አይተነዋል። ግን አንድ ነገር ጠየቅኳት። "ቢ6 በቀን ስንት ሚሊግራም ነው የምትወስጂው?" ዝም አለች። ጠርሙሶቹን አገላብጠን አነበብን። ከቦርሳዋ ደረሰኝ አውጥታ ጀርባው ላይ ደመርነው። ድምሩን ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ምክንያቱም በየመድኃኒት ቤቱ መስኮት ይህንኑ ሲጠይቁ የሰማኋቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ሂስታሚን ምንድነው?

ሂስታሚን መርዝ አይደለም። ሰውነታችን ራሱ ሂስቲዲን ከሚባል አሚኖ አሲድ የሚሠራው ነገር ነው። ጨጓራ አሲድ እንዲያመነጭ ያዛል። አንጎል ውስጥ ደግሞ ነቅተን እንድንቆይ ያደርጋል። የድሮዎቹ የአለርጂ መድኃኒቶች እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኙት ይህንን ሥራውን ስለሚዘጉበት ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ከባልደረባው ጋር ሂስታሚን ሰውነት ላይ የሚያደርገውን እ.ኤ.አ. በ1910 ጽፎ አሳተመ። ፀረ ሂስታሚን መድኃኒቶችን ካስገኙት አንዱ ዳንኤል ቦቬ ደግሞ በ1957 ኖቤል ተሸለመ። ነገሩ አዲስ አይደለም፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠና የኖረ ነው። አዲሱ ነገር ገበያው ነው።

ሂስታሚን በሁለት በር ይገባብናል። አንደኛው ከውስጥ ነው። ማስት ሴል የሚባሉ ሕዋሳት ሂስታሚን አጭቀው ይዘው ቆዳችን፣ አፍንጫችንና አንጀታችን ውስጥ ተቀምጠዋል። አለርጂ ሲነሳ ይለቁታል። ሁለተኛው በር ምግብ ነው። ባክቴሪያ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም አይብ ውስጥ ያለውን ሂስቲዲን ወደ ሂስታሚን ይለውጠዋል። እኛ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን እንበላዋለን።

ከምግብ የሚመጣውን የሚያጠራው በዋናነት ዳይአሚን ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ባጭሩ ዲኤኦ ይሉታል። የሚሠራው የትንሹ አንጀት ሽፋን ላይ ነው። ሴት ስታረግዝ የእንግዴ ልጁም ስለሚያመነጨው መጠኑ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ሴል ውስጥ የገባውን ደግሞ ሌላ ኢንዛይም ይጨርሰዋል።

ክረምት ላይ መንገድ ሐይቅ ሲሆን ታውቃላችሁ። ወይ ዝናቡ በዝቷል፣ ወይ ቱቦው ተደፍኗል። የሂስታሚን አለመስማማት የሚባለው የቱቦው ችግር ነው። ዲኤኦ አንሷል ወይም ሥራው ተስተጓጉሏል፣ ስለዚህ ሌላው ሰው ምንም ሳይሆን የሚበላው ምግብ ያንን ሰው ያሳምመዋል። አለርጂ ግን የዝናቡ ችግር ነው። ይህንን ልዩነት ያዙልኝ፣ ወደታች ብዙ ነገር እሱ ላይ ይቆማል።

ምልክቱ የማን ነው?

አዲስ አበባ መሀል የሚኖር ሰው አፍንጫው ቢዘጋ ምን ይገርማል? ከ2016 ዓ.ም ወዲህ ፒያሳና አራት ኪሎ ሲፈርስና ሲሠራ ያነሳውን አቧራ አብረን ስበነዋል። ካዛንቺስም ተራው ደርሶታል። አቧራ የሚያነሳው ሂስታሚን ከውስጥ የሚለቀቀው ነው። አንጀት ውስጥ የሚሠራ ካፕሱል እሱን አይነካውም።

ሆድ መነፋትም እንደዚያው ነው። እኛ ሀገር ከደረት በታች ያለ ሕመም ሁሉ "ጨጓራ" ይባላል። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፣ ሕክምናውም የታወቀ ነው። ጃርዲያ ሊሆን ይችላል። ጃርዲያ ደግሞ የሚጎዳው ዲኤኦ የሚመረትበትን የትንሹን አንጀት ሽፋን ነው። ካደጉ በኋላ የወተት ስኳር የማይፈጭላቸው ሰዎችም ብዙ ናቸው። በቀን ሦስት ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው ሆዱ ቢነፋ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ወተቱን ነው።

አስቸጋሪው ነገር ለሂስታሚን አለመስማማት ቁርጥ ያለ ምርመራ የለም። ደም ውስጥ ዲኤኦ ይለካል፣ ግን ቁጥሩ ዝቅ ማለቱ ብቻውን ሕመሙን አያረጋግጥም። የጀርመን የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ያሳደሱት መመሪያም በዚህ ልኬት ብቻ አትወስኑ ይላል። የሚመክረው ሌላ ነው። ከ10 እስከ 14 ቀን ሂስታሚን የሚበዛበትን ምግብ ቀንሶ ማየት። ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ መሞከር። ይህ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ ነው የሚጠይቀው። በሚያሳዝን ሁኔታ በሽያጭ ቻናሎች ላይ ሲወራ የማትሰሙትም ይህንኑ ነው።

ወደ ደረሰኙ እንመለስ

አምስቱ ጠርሙሶች እነዚህ ናቸው። ባለ 1,000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ፣ በቀን ሁለት። ብቻውን የመጣ ቢ6፣ 100 ሚሊግራም። ቢ ኮምፕሌክስ ከዚንክ ጋር፣ ውስጡ 50 ሚሊግራም ቢ6 እና 50 ሚሊግራም ዚንክ አለው። "ለሂስታሚን" ተብሎ የተቀመመ ድብልቅ፣ በቀን ሁለት፣ በያንዳንዱ 250 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ፣ 25 ሚሊግራም ቢ6 እና ኩዌርሴቲን። አምስተኛው ከአሜሪካ የመጣው የዲኤኦ ካፕሱል ነው።

ድምሩ በቀን ቫይታሚን ሲ 2,500 ሚሊግራም፣ ቢ6 200 ሚሊግራም፣ ዚንክ 50 ሚሊግራም ሆነ። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። እሷም ደረሰኙን ወደ ራሷ አዙራ ደግማ ደመረችው። ያው ነው።

ከቢ6 ልጀምር፣ ያስደነገጠኝ እሱ ስለሆነ። አንድ ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገው 1.3 ሚሊግራም ገደማ ነው። የአሜሪካ የጤና ተቋማት ከ100 ሚሊግራም አትለፉ ይላሉ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ደግሞ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ጣሪያውን ወደ 12 ሚሊግራም አወረደው። የእህቴ 200 ነው። ምክንያቱም ቀልድ አይደለም። ቢ6 ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ነርቭ ይጎዳል። ጣት ይደነዝዛል፣ እግር መርፌ እንደሚወጋው ይሆናል። ቫይታሚን ሆኖ ነርቭ ይጎዳል ሲባል ብዙ ሰው አያምንም። "ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ነው፣ ትርፉ በሽንት ይወጣል" የሚል ወሬ አለ። ቢ6 ላይ ይህ ወሬ አይሠራም።

"እግርሽንስ?" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። "የእግሬ ጣቶች ከመስከረም ጀምሮ ይደነዝዙኛል። እሱም ሂስታሚኑ መስሎኝ ነበር።"

ታዲያ ቢ6 ለምን ይሸጣል? "የዲኤኦ ረዳት ነው" ስለሚባል። ይህ የቆየ ግምት ነው። የኬሚስትሪው እውነት ግን ዲኤኦ መዳብ ይዞ የሚሠራ ኢንዛይም ነው። መሀሉ ላይ መዳብ አለ፣ ከአጠገቡ ደግሞ ኢንዛይሙ ከራሱ አካል የሚሠራው ረዳት አለ። ቢ6 የጎደለው ሰው ቢሞላ ለብዙ ነገር ይጠቅመዋል። ሞልቶ የተረፈው ሰው ላይ ሌላ መቶ ሚሊግራም መጨመር ግን ኢንዛይሙን አያበዛውም። ሽሮ የሚበላ ሰው ደግሞ ቢ6 በቀላሉ አይጎድለውም፣ ሽምብራ ጥሩ ምንጩ ነው። ድንችና ሙዝም አሉ።

መዳቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ስህተት እዚህ ጋ ነው ያለው። ዚንክ ሲበዛ አንጀት መዳብን እንዳያስገባ ያደርጋል። ለዚህም ነው የዚንክ ጣሪያ በቀን 40 ሚሊግራም የተባለው። እህቴ ሰባት ወር ሙሉ 50 ሚሊግራም ዚንክ ስትወስድ ከርማለች። ኢንዛይሙን ልትረዳ ብላ ኢንዛይሙ የቆመበትን ማዕድን የሚሻማ ነገር ነበር የምትውጠው። ይህ ብዙ ጠርሙስ ጎን ለጎን የመዋጥ ጣጣ ነው። እያንዳንዱ ጠርሙስ ለብቻው ደህና ይመስላል። አንድ ሆድ ውስጥ ሲገናኙ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው። መዳብ ራሱን ፍለጋ ደግሞ ክኒን አያስፈልግም። የቀን ፍላጎቱ 1 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ምስር፣ ሰሊጥና ጉበት አሉን።

ቫይታሚን ሲ ከሁሉም የተሻለ ታሪክ አለው። ደማቸው ውስጥ ቫይታሚን ሲ ዝቅ ያለባቸው ሰዎች ሂስታሚናቸው ከፍ ብሎ ታይቷል። በ1992 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አንድ ጥናት በቀን 2 ግራም ለሁለት ሳምንት ሰጥቶ የደም ሂስታሚን መውረዱን አሳይቷል። ግን በጥናቱ የነበሩት ሰዎች አሥር ናቸው። አሥር ሰው መነሻ ይሆናል እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም። አንጀትም ልክ አለው። እስከ 200 ሚሊግራም ድረስ ያለውን ከሞላ ጎደል ያስገባዋል። አንድ ግራም ሲያልፍ ግማሹን እንኳ አይቀበልም። ከ2 ግራም በላይ ሲሆን ተቅማጥ ያመጣል፣ ኩላሊቱ ጠጠር ለሚሠራበት ሰው ደግሞ አደጋ ነው። መቶ ግራም ዘይቱን (ጓቫ) ከ200 ሚሊግራም በላይ አለው። ጥሬ ቃሪያም አይተናነስም። ስንግ ቃሪያ ከምሳው የማይጠፋ ሰው ለዚህ ነገር ብዙ ብር ባያወጣ እመክራለሁ።

ኩዌርሴቲን የሚባለው ቀይ ሽንኩርት ውስጥ የሚገኝ ነገር ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ማስት ሴሎች ሂስታሚን እንዳይለቁ ይይዛቸዋል። ሰው ላይ ያለው ማስረጃ ግን ቀጭን ነው፣ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባውም ትንሽ ነው። እኛ ወጣችንን የምንጀምረው ሽንኩርት በማቁላላት ነው። ከዚያ በላይ አልልም።

ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ለአንጀት ይጠቅማሉ የሚባሉ ባክቴሪያዎችን፣ እንውሰድ የሚሉም አሉ። እዚህ ጋ ስሙን ማንበብ ግድ ነው። ላክቶባሲለስ ሩተሪ የሚባለው ባክቴሪያ ለምሳሌ ራሱ ሂስታሚን ይሠራል። ቢ12 እና ፎሌት ደግሞ ሴል ውስጥ የገባውን ሂስታሚን የሚጨርሰው ሁለተኛው ኢንዛይም ለሚጠቀምበት ነገር መሠራት ያስፈልጋሉ። ጉድለት ካለ መሙላት ተገቢ ነው። ለዓመታት ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ወይም ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ቢ12 ሊያንሰው ስለሚችል ደሙን ቢያስመረምር ጥሩ ነው።

ትንሿ ጽሑፍ

የቀረው አምስተኛው ጠርሙስ ነው። ከሁሉም ቀጥተኛው እሱ ነው፣ ኢንዛይሙን ራሱን በካፕሱል የያዘ። ሲዋጥ አንጀት ይደርስና ከምግቡ ጋር የመጣውን ሂስታሚን እዚያው ይፈጫል። ስለዚህ ከመብላት በፊት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይወሰዳል። እህቴ ግን ማታ ስትተኛ ነበር የምትውጠው። ባዶ ሆድ ውስጥ የሚፈጨው ነገር የለም።

ማስረጃው ከቫይታሚኖቹ ይሻላል፣ ግን ትንንሽ ጥናቶች ናቸው። ስፔን ውስጥ ማይግሬንና ዝቅተኛ ዲኤኦ ያላቸው 100 ሰዎች ላይ የተሠራው የራስ ምታቱ ቆይታ ማጠሩን አሳይቷል። ኦስትሪያ ውስጥ 28 ሰዎች ለአራት ሳምንት ወስደው ምልክታቸው ቀለል ብሏል። ሲያቆሙ ተመልሷል። ይህኛው ጥናት ግን ማነጻጸሪያ የሚሆን ባዶ ክኒን አልነበረውም።

ጠርሙሱን አዙሬ ከጀርባው ያለችውን ትንሿን ጽሑፍ አነበብኩላት። የኢንዛይሙ ምንጭ የአሳማ ኩላሊት ነው።

ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብላ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው። ዓርብና ረቡዕ የምትጾም፣ ሥጋ ስትገዛ ከየት እንደመጣ የምትጠይቅ ልጅ ናት። ለብዙዎቻችን፣ ለኦርቶዶክሱም ለሙስሊሙም፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰው አውቆ ለሕመሙ ሲል ከንስሐ አባቱ ወይም ከሃይማኖት አዋቂ ጋር ተማክሮ ቢወስን የራሱ ነው። ሳያውቅ ሰባት ወር መዋጡ ግን ልክ አይደለም። የሚሸጥ ሰው ይህን መናገር አለበት። የካፕሱሉ ቅርፊት የተሠራበት ጄላቲንም ከአሳማ ሊሆን ስለሚችል እሱንም ጠይቁ።

ከእህል ቡቃያ የተሠራ ዲኤኦም አለ። ጥራጥሬ ጨለማ ውስጥ ሲበቅል ይህን ኢንዛይም ያወጣል። ይህን ስነግራት እህቴ "ታዲያ እሱ በቆልት ነዋ!" አለች። ሐሳቧ ትክክል ነበር። ግን በቆልት እኛ ቤት ይቀቀላል። ኢንዛይም ደግሞ ሙቀት አይችልም። ሂስታሚኑ በተቃራኒው ሙቀት አይበግረውም። ብትቀቅሉትም ብትጠብሱትም እዚያው ነው።

ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ

"ሌላ ምን መድኃኒት እየወሰድሽ ነው?" የሚለው ነው። ጠርሙስ ከመግዛት በፊት መምጣት የነበረበት ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። ያንን ቱቦ፣ ዲኤኦን ማለቴ ነው፣ የሚደፍኑ የታወቁ መድኃኒቶች አሉ። ከነሱ አንዱ የቲቢ መድኃኒት የሆነው አይሶኒያዚድ ነው። ቲቢ ለታመመውም ይሰጣል፣ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ላለው ለመከላከያም ይሰጣል። ይህን የሚወስድ ሰው ቱና በልቶ ፊቱ ሊቀላ፣ ልቡ ሊመታ፣ ራሱን ሊያመው ይችላል። አይሶኒያዚድ ቢ6ንም ስለሚያሟጥጥ ሐኪሞች ቢ6 አብረው ያዛሉ። ቢ6 በትክክል ቦታው የሆነበት አንዱ አጋጣሚ ይህ ነው። መጠኑን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው።

ለወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን፣ እንዲሁም ኦግመንቲን በሚባለው አንቲባዮቲክ ውስጥ ያለው ክላቩላኒክ አሲድ በቤተ ሙከራ ዲኤኦን ክፉኛ ሲያግዱ ታይተዋል። አልኮልም ያደክመዋል። ይህን አንብባችሁ የቲቢ መድኃኒት እንዳታቆሙ፣ እለምናችኋለሁ። ለሐኪማችሁ ንገሩ። ቱናውን ተዉት፣ ክኒኑን ዋጡ።

ከዚያ ሳህኑ አለ። ቱና፣ ሰርዲንና ማከሬል ሂስቲዲን የሚበዛባቸው ዓሦች ናቸው። ማቀዝቀዣው አንድ ቦታ ላይ ከተበላሸ ሂስታሚኑ ይከማቻል፣ ቆርቆሮ ውስጥ መታሸጉም አያጠፋውም። የሐይቆቻችን ቆሮሶ የዚህ ቤተሰብ አይደለም። የቆየ የፈረንጅ አይብ፣ ሳላሚ፣ ወይን ሌሎቹ ናቸው። ከእኛ ቤት ደግሞ በዓል በገባ በሦስተኛው ቀን ያለውን ዶሮ ወጥ አስቡት። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሞቋል። ድስቱ ምድጃ ላይ አድሯል። ጠዋት ይሞቃል፣ ማታ ይሞቃል። ማሞቁ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ የሠራውን ሂስታሚን ግን አይመልሰውም።

ስለ እንጀራ ሁሉም ይጠይቀኛል። "ቦክቷልና መተው አለብኝ?" ይሉኛል። መቡካት ብቻውን ወንጀል አይደለም። ሂስታሚን በብዛት የሚሠራው ፕሮቲን በብዛት ባለበት ነው፣ ሥጋ፣ ዓሣና የቆየ አይብ ላይ። ሰው እንጀራ ከተወ ምን ሊበላ ነው? ደብተሩ ላይ እንጀራ በተበላበት ቀን ሁሉ ምልክት ካልተነሳ፣ እንጀራን መፍራት ተገቢ አይደለም።

አንድ ነገር ስለ ግዢው። እኛ ጋ ምግብና መድኃኒት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011። በሻንጣ የገባውንና በሞተር የመጣውን ጠርሙስ ግን ማንም አላየውም። "የአሜሪካ ነው" የሚለውም ዋስትና አይሆንም። በአሜሪካ በ1994 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ሕግ መሠረት ሰፕሊመንት ገበያ ከመግባቱ በፊት እንደ መድኃኒት መሥራቱ ተረጋግጦ ፈቃድ አይሰጠውም። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነገር ዋጋው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እህቴ ለአምስቱ ጠርሙስ በወር የምታወጣው የቤት ኪራይዋን ሩብ ይሆን ነበር።

አንድ ማሳሰቢያ ሳልረሳ። ከንፈር ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰውየው ራሱን ከሳተ፣ ስለ ሂስታሚን አለመስማማት የሚወራበት ሰዓት አይደለም። ያ ከባድ አለርጂ ነው፣ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ቢ6ና ዚንክ ወዲያው እንዲቆሙ ታዘዘ። ደብተርም ጀመረች፣ ሁለት ሳምንት። የበላችው፣ ሰዓቱ፣ የተሰማት ነገር፣ በዚያ ቀን መንገዱ ይቆፈር እንደነበር እንኳ ሳይቀር። ሦስት ቀን ፊቷ ቀልቷል። ሁለቱ ቱና ሳንድዊች የበላችባቸው ናቸው፣ አንዱ የቆየ ዶሮ ወጥ። አፍንጫዋ የተዘጋባቸው ቀኖች ከምግብ ጋር አልገጠሙም። ከቢሮዋ በር ላይ ከሚነሳው አቧራ ጋር ግን ገጠሙ። ለእነዚያ ቀኖች ሐኪሙ ሴትሪዚን የሚባል የአለርጂ መድኃኒት አዘዘላት። የሆድ መነፋቱ ወተት ስታቆም ጠፋ፣ ከሂስታሚን ጋር ምንም አልነበረውም።

የእግሯ ጣቶች ቀስ ብለው ነው የተመለሱት። አምስት ወር ፈጅቷል፣ የግራ እግሯ ትንሿ ጣት ዛሬም አልፎ አልፎ ትደነዝዛለች። ፌስታሉን ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጣዋለች። ቀጣዩ ቀጠሮዋ ለጥቅምት ነው፣ ደብተሩን ይዛ ትሄዳለች።